የቢጫው ጋውን ቁልፎች

እህቴ የምትቀናበት ነገር አጥታ አታውቅም። ልጆች ሳለን እኔ ኩፍኝ ይዞኝ ስተኛ፣ እናታችን ግንባሬ ላይ እርጥብ ጨርቅ ስታደርግልኝ አይታ፣ በማግስቱ ፊቷን በቀይ እርሳስ አዥጎርጉራ "እኔንም አሞኛል" ብላ ብቅ አለች። ከፍ ስትል በኔ ፀጉር ቀናች፤ ስታገባ በጎረቤቷ መጋረጃ ቀናች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በመኪናው እንኳ ትቀናለች። "ለሱ ዘይት ሲቀይርለት እንዴት እንደሚጠነቀቅ አይተሽዋል? እኔን ራስ ምታት ሲይዘኝ ውሃ አያቀብለኝም" ትላለች። ክፋት የለባትም። የቀናችባት ሴት ልብስ ልታሰፋ ብትመጣ፣ ከሁሉም አሳምራ የምትሰፋው የሷን ነው። ብቻ ዓይኗ ከሰው ሳህን ላይ አይነሳም።

እሷ ልብስ ሰፊ ናት። እኔ ከሷ ክፍል አጠገብ ክር፣ ዚፕና የልብስ ቁልፍ እሸጣለሁ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ስስ ስለሆነ የስፌት መኪናዋ ሲቆም እሰማለሁ፤ ከቆመ ወይ ክር ተበጥሷል፣ ወይ እሷ በሰው ነገር ትብሰለሰላለች። ሰው "ምቀኛ አታሳጣኝ" ብሎ ሲጸልይ ከሰማች ትስቃለች። "ምን ኖሮኝ ነው ምቀኛ የማገኘው?" ትላለች። እውነቷን ነው። በዕድሜዋ አንድም ሰው ቀንቶባት አያውቅም። ታናሿ ስለሆንኩ ይህን የማለት መብት አለኝ።

ልጇን ስትወልድ ግን ተስፋ አድርጋ ነበር። ሕፃኗ ያላት ስም ሌላ ነው፤ ጉንጯን ያየ ሁሉ "ድንቡሼ" ስላላት ግን ያው ድንቡሼ ሆና ቀረች። እህቴ አቅፋት ስትወጣ ሴቶቹ ጉንጯን እየቆነጠጡ ያልፋሉ፤ እሷ ደግሞ ቀና ብላ ትሄዳለች። ድንቡሼ አፏን ሳትፈታ በፊት እንኳ ወሬኛ ነበረች። ከፈታች በኋላማ ጠዋት ጠዋት ሱቄ ትመጣና "አክስቴ፣ ይሄ ቁልፍ የማን ነው? ይሄስ?" እያለች ሣጥኑን ሁሉ ታስገለብጠኛለች። እኔ ልጅ የለኝም፤ ሥራ ታስፈታኛለች ብዬ እየተቆጣሁ ሣጥኑን የማወርድላት ግን እኔው ነበርኩ።

አራት ዓመት ሲሆናት ማጅራት ገትር ያዛት። ከሆስፒታል ስትወጣ ያ ጉንጭ የለም፤ ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ብሏል፤ ወሬዋም ጠፍቷል። ማልቀስ ትችላለች፣ አልፎ አልፎ ትስቃለች፣ በቃ። "እማዬ" የሚለውም አብሮ ጠፋ። ሐኪሙ የተጎዳው አንጎሏ ገና ልጅ ስለሆነ ሌላ መንገድ ሊያገኝ እንደሚችል፣ ካልተሠራበት ግን ቀኝ እጇ እንደተኛ እንደሚቀር ነገረንና ወደ ልጆች ማገገሚያ ማዕከል ላከን።

ማዕከሉ ረጅም ኮሪደር ያለው ቤት ነው። እናቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ልጆች መስታወት የሞላበት ክፍል ይገባሉ። ወለሉ ላይ ፍራሽ ተነጥፏል፤ ይዘው የሚቆሙባቸው ሁለት የብረት ዘንጎች አሉ፤ ከልጆቹ የሚበልጡ ኳሶች አሉ። ክፍሉን የያዘችው ቴራፒስት ነርስ ባትሆንም ሁሉም ሲስተር ይሏታል። ከእህቴ በዕድሜ ታንሳለች፤ ስትሄድ ጫማዋ ይንጫጫል። ነጭ የለበሰ ሁሉ መርፌ የያዘ ስለሚመስላቸው ልጆቹ ነጭ አይወዱም፤ ስለዚህ እሷ ትልልቅ ቀይ ቁልፍ ያለው ቢጫ ጋውን ትለብሳለች።

እናት አይገባም። "እናቱን ሲያይ ልጁ ያለቅሳል፤ ልጁ ሲያለቅስ እናቱ ታለቅሳለች፤ እኔ ሁለቱን ሳባብል ሰዓቱ ያልቃል" አለችን ሲስተር። በሩ ላይ ግን ትንሽ መስኮት አለች፤ እህቴ በዚያች መስኮት ግንባሯን አስደግፋ ትውላለች።

የሲስተር አሠራር መጀመሪያ ለኔ ጭካኔ መሰለኝ። ደህናውን ግራ እጅ እንደ ከረጢት ያለ፣ ጣት የሌለው ጓንት ታጠልቅበታለች። ደህናው እጅ ሥራ ሲፈታ፣ ሰነፉ እጅ ሳይወድ በግዱ ይሠራል። ቤትም ስትበላና ስትጫወት ጓንቱ እንዳይወልቅ አጥብቃ አዘዘች። እህቴ ጓንቱ ሻካራ ነው ብላ ከለስላሳ ጨርቅ ሌላ ሰፋች፤ ጠርዙን ሳይቀር ጠለፈችው። የጠለፈችውን ያህል ግን አላጠለቀችውም።

አንድ ቀን ድንቡሼ መስታወቱ ፊት ቆማ፣ በዚያች በደከመች እጇ አንዲት ትንሽ እንጨት ከፍራሹ አንስታ ጣሳ ውስጥ ጣለች። ጣሳው ሲንኳኳ ከት ብላ ሳቀች። ከበሽታው ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። ተመስገን ብዬ ወደ እህቴ ዞር ብል ፊቷ አመድ መስሏል።

"ምን ሆንሽ፣ እትዬ? ሳቀች እኮ!"

"አየሁ።"

"እና?"

"ለኔ እንዲህ ስቃልኝ ታውቃለች?"

 መልሴን ሳትጠብቅ በመስኮቷ ሲስተርን ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ስትለካት ቆየች። "ጋውኗን አየሽው?" አለችኝ በመጨረሻ። "ቀኝ እጅጌው ትከሻው ላይ ተሸብሽቧል። የሰፋው ሰው መቀስ የያዘው ትናንት ነው።" ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲስተርን አንቱ ማለት ጀመረች። ከአክብሮት አይደለም፤ እንዳትቀርባት ነው።

ቤት ስንመለስ ድራማው ይጀምራል። ጓንቱ ይጠልቃል፤ ሩዙ ይቀርባል፤ ድንቡሼ ማንኪያውን በቀኟ ትሞክርና ይወድቅባታል፤ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። እንባዋ ገና ሳይወርድ እህቴ ጓንቱን አውልቃ ወርውራዋለች፤ በማንኪያ እያጎረሰቻት ነው።

"ሲስተር ምን አለች?" እላለሁ።

"ሲስተር ናት ያማጠችው?"

"እትዬ፣ የምትለው ለልጅቷ ነው እኮ።"

"ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው" ትለኛለች፤ ማጉረሷንም አታቆምም።

ተናድጄ ወደ ሱቄ እሄዳለሁ። እንደገባኝ ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ልጅቷ ለሲስተር እየሠራች ለእሷ ማልቀሷ አንጀቷን አሳርሮታል፤ ታዲያ ለእሷ የቀረላት ማጉረስ ብቻ ከሆነ፣ ማጉረሱን አጥብቃ ያዘችው። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይላሉ። የእህቴን አጥንት ቢያነቅዝ የራሷ ጉዳይ ነው፤ አሁን ግን የልጅቷን እጅ እየነካ ነበር።

ሲስተርም ይህ አልጠፋትም። አንድ ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ አስቆመችን። ቆጣ አላለችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር።

"የድንቡሼ እናት፣ እዚህ የሠራነው ቤት ሲደርስ ይፈርሳል። ይህች እጅ አሁን ካልለመደች በኋላ ይከብዳታል። ፎቁ ላይ ማደሪያ አለን፤ ሦስት ወር እዚህ ብትተኛ..."

"ያለ እኔ?"

"እሁድ እሁድ ትጠይቂያታለሽ።"

 ሲስተር እህቴን ዓይን ዓይኗን አየቻትና ለስለስ አለች። "በሚቀጥለው ግምገማ ቤት ውስጥ እጇን እንደምትሠራበት አሳዪኝ። ካሳየሽኝ ማደሪያው ይቀራል።"

አውቶቡስ ውስጥ እህቴ ልጇን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛ በመስኮት ታይ ነበር። እህቴ ስትሳደብ አያሰጋም፤ ዝም ስትል ነው መፍራት። መውረጃችን ሲደርስ ብቻ "ልጄን ልትወስዳት ነው" አለች። "መጀመሪያ ሳቋን ወሰደች፤ አሁን ራሷን።"

በማግስቱ ሱቄ መጣች። "ትልልቅ ቁልፍ አለሽ? ቀይ።"

"ለማን ነው?"

"ለደንበኛ።"

ሰጠኋት። የስፌት መኪናዋ ያን ቀን ሳያቋርጥ ዋለ፤ እኔም ሥራ ይዛ ነገሩን የረሳችው መስሎኝ ደስ አለኝ። ሞኝ ነኝ።

ማግስቱን ከምሳ በኋላ ሱቁን ገርበብ አድርጌ እሷ ጋ ገባሁ። ሲስተር ጀርባዋን ሰጥታኝ መሃል ቤት ቆማለች። ቢጫው ጋውን፣ ከኋላ የታሰረው ፀጉር፣ ሁሉም አለ። ደንግጬ "ሲስተር! ምነው፣ በሰላም ነው?" አልኩ። ዞር ስትል እህቴ ናት።

ሳቄ አመለጠኝ። መቼም እንዲያ ስቄ አላውቅም፤ በሩን ይዤ ነው የቆምኩት።

"ዝም በይ!" አለችኝ። "ሳቂ፤ ግን እያየሽ ሳቂ።"

አየሁ። ድንቡሼ ትንሿ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጣለች። ጓንቱ ግራ እጇ ላይ ነው። በቀኝ እጇ እንጨቶቹን አንድ በአንድ እያነሳች ጣሳው ውስጥ ትከታለች። አታለቅስም። አፏን ገጥማ፣ ደመወዝ እንደሚከፈለው ሰው ትሠራለች።

"አየሽ?" አለች እህቴ፤ ዓይኗ በርቷል። "ሲስተር ምንም የላትም። ጋውኑ ነው! ጋውኑ ነበር!" በዓይኗ ብቻ ለክታ የቆረጠችው ጋውን ከሲስተር ጋውን ይበልጥ ያምር ነበር፤ እጅጌው ትከሻው ላይ ልክክ ብሏል። ተንበርክካም የሲስተርን ድምፅ አስመስላ "ጎበዝ! ጎበዝ የኔ አንበሳ!" አለቻት።

ድንቡሼ ቀና ብላ ፊቷን አየች። ከዚያ ጋውኑን አየች። ከዚያ ደግሞ ወደ በሩ ዞራ ሰው እንደሚጠብቅ ልጅ አየች። የያዘችውን እንጨት አስቀመጠችው። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ፣ አላለቀሰችም፤ ቀኝ እጇን ወደ እህቴ ደረት ዘረጋችና ጋውኑን መቧጠጥ ጀመረች።

"እንጨቱን፣ የኔ አንበሳ፣ እንጨቱን" አለች እህቴ፤ እጇንም ይዛ ወደ ጠረጴዛው መለሰችው። እጇ ተመልሳ መጣች። እህቴ መለሰቻት። እጇ መጣች።

እኔ ዕድሜዬን ቁልፍ ስሸጥ ነው የኖርኩት፤ ሰው ቁልፍ ሲፈታ አውቃለሁ። "እትዬ፣ ተያት። አትንኪያት።"

ማዕከሉ ውስጥ ቁልፍ የተሰፋበት የመለማመጃ ጨርቅ አለ። ሲስተር ባወጣችው ቁጥር ድንቡሼ ፊቷን ታዞር ነበር፤ እንጨት ማንሳት አንድ ነገር ነው፣ ቁልፍ መፍታት ግን አውራ ጣት ይጠይቃል፤ ያ አውራ ጣት ደግሞ ከበሽታው ወዲህ መዳፏ ውስጥ ተኝቶ ነው የሚውለው። እህቴ የምትሰፋው የቁልፍ ቀዳዳ በዚያ ላይ ጠባብ ነው፤ በዚህ ትኮራለች። ያን ቀን ረገምኩት። ድንቡሼ ጓንት ያለበትን እጇን ጋውኑ ላይ ደግፋ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ ያን የተኛ አውራ ጣት ቀስ በቀስ ከመዳፏ አወጣችው። ገፋች። አመለጣት። ገፋች። የመጀመሪያው ቁልፍ ወጣ።

እህቴ እጆቿን አንስታ፣ ልኳን እንደሚወስዱላት ሰው ቀጥ አለች። አሁን ነው የገባት። ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛው እምቢ አላት፤ ልጅቷ ማላብ ጀመረች፤ እኔ ክር እንደሚበጠስብኝ ሁሉ ትንፋሼን ይዣለሁ። የመጨረሻው ሲወጣ ድንቡሼ ጋውኑን ገልጣ ከሥር ያለውን የቤት ቀሚስ አገኘችው፤ ያንን የታጠበ ያረጀ፣ አበባው የጠፋ፣ የዘይት ነጠብጣብ ያለበትን። ፊቷን እሱ ውስጥ ቀበረች።

"እማ" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ዬ" አለች።

"እኔ ነኝ" አለች እህቴ። "እኔ ነኝ፤ እኔው ነኝ፤ የት እሄዳለሁ?" ጋውኑን ከትከሻዋ እየገፈፈች፣ እያለቀሰች፣ ደጋግማ ይህንኑ ትላለች። እኔም አለቀስኩ። ደንበኛ ሱቄን ገፍቶ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ያሻውን ይዞ በሄደ።

ግምገማው ሲደርስ ግን ያው እህቴ ናት። "አልነግራትም" አለች። "ይሄ የኔ ነው። ሳቋን ወስዳለች፤ ይሄን አልሰጣትም።"

"ካላሳየሻት ልጅቷን ትወስዳታለች።"

 ጠዋት ስንወጣ ግን ከኮቷ ሥር ያንን የቤት ቀሚስ እንደለበሰች አየሁ፤ ቦርሳዋም ያለ ወትሮው አብጧል። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ለግምገማ እናት ይገባል። ሲስተር ጓንቱን አጠለቀች፤ እንጨቱን አስነሳች፤ ኳሱን አስጨበጠች፤ በመጨረሻ የቁልፉን ጨርቅ ዘረጋች። ድንቡሼ ፊቷን አዞረች።

"ቤትስ?" አለች ሲስተር።

"ቤት ቁልፍ ትፈታለች" አለች እህቴ፤ ዓይኗ ወለሉ ላይ ነው።

"የምን ቁልፍ?"

 በክርኔ ጎሸም አደረግኋት። እህቴ ቦርሳዋን ከፍታ ጋውኑን አወጣችው። ሲስተር መጀመሪያ የራሷን የሰረቀቻት ሳይመስላት አልቀረም፤ የለበሰችውን ጎንበስ ብላ አየች። የእህቴ ፊት በርበሬ መሰለ። እንዲያም ሆኖ ኮቷን አውልቃ ጋውኑን ለበሰች፤ ቆለፈች፤ ፍራሹ ላይ ተንበረከከች። መስታወቱ ውስጥ ሁለት ቢጫ ሴቶች ታዩ። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል፤ እውነቱን ለመናገር ግን እህቴን አድምቋታል።

ድንቡሼ አንዴ ይችን፣ አንዴ ያቺን አየች። ብዙ አላሰበችም። በቂጧ እየተሳበች ወደ እናቷ ሄደችና ሥራዋን ጀመረች። የላይኛው ቁልፍ ያን ቀንም አስቸገራት። ሲስተር ትንሽ እንኳ አልረዳቻትም፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አውራ ጣቷን ብቻ ታያለች። ቀሚሱ ሲገለጥ ልጅቷ እንደ ለመደችው ፊቷን ቀበረችና "እማዬ" አለች። አሁን ሳይቆራረጥ።

ሲስተር ቀስ ብላ አጠገባቸው ተንበረከከች። የራሷን ጋውን ቁልፍ ወደ ልጅቷ አስጠጋች። "የኔንስ፣ አንበሳዬ? የኔን አትፈቺልኝም?"

ድንቡሼ በአንድ ዓይኗ አየቻትና ተመልሳ ቀሚሱ ውስጥ ገባች።

"ስንት ልጅ በዚህ ጋውን አልፏል" አለች ሲስተር። "ሁሉም ይሠራልኛል። እኔን ፍለጋ ግን አንዱም ፈቶት አያውቅም።" ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እርጥብ ነው። "ቀናሁብሽ።"

"ምን አልሽ?" አለች እህቴ። አንቱታው የት እንደገባ እንጃ።

"ቀናሁብሽ አልኩ።"

"አልሰማሁም።"

ሰምታለች። ኮሪደር ላይ ያሉት እናቶች ሳይቀሩ ሰምተዋል። ሲስተር ምስኪኗ ለሦስተኛ ጊዜ ደገመችላት።

ማደሪያው ቀረ። ከዚያ ወዲያ የሰዓቱ ማብቂያ ላይ እናት እንድትገባ ተፈቀደ፤ ጓንቱ ቤት እንዳይወልቅ ደግሞ እህቴ ቃል ገባች። ልንወጣ ስንል ሲስተር የእህቴን ጋውን ትከሻ በጣቷ ዳሰሰች። "ይሄ እኮ ከኔው በጣም ይበልጣል። እንደሱ ያለ ትሰፊልኛለሽ?"

"ምን አስፈለገ? ይሄኑ ውሰጂው" አለች እህቴ። ያለ ወትሮዋ ቸርነቷ ገርሞኝ ሳላበቃ፣ መቀስ ሳትይዝ ወጥታ የማታውቅ ሴት ናትና፣ ከቦርሳዋ መቀስ አውጥታ ቀይ ቁልፎቹን ከጋውኑ አንድ በአንድ እየቆረጠች ኪሷ ከተተቻቸው። ቁልፍ የሌለው ጋውን አጣጥፋ ሰጠቻት። "ቁልፍ እህቴ ጋ ሞልቷል" አለቻት። "ነጭ አለ፣ ሰማያዊ አለ።"

ቁልፎቹ አሁን ያ የቤት ቀሚስ ላይ ናቸው። ቀሚሱን ከፊት ቀድዳ ሰፍታቸዋለች፤ ጓንቱ ሲጠልቅ ድንቡሼ ትፈታለች፣ እህቴ ትቆልፋለች። ልጅቷም ቁልፉን እየያዘች "የማ'ነው?" ማለት ጀምራለች፤ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው።

ያን የግምገማ ቀን ግን ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ድንቡሼ እህቴ ጭን ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ቀኝ እጇ በኮቷ መሃል ገብቶ የቤት ቀሚሱን ጨብጧል።

"ያለችውን ሰማሽ አይደል?" አለችኝ እህቴ።

"ሰምቻለሁ።"

"ምን አለች?"

"ቀናሁብሽ አለችሽ።"

በመስኮት ትንሽ አየች። "እስቲ ድገሚው።"

ደገምኩላት። መውረጃችን ሊደርስ ሲል ልጅቷን ወደ ደረቷ ጠጋ አድርጋ፣ እኔን ሳታይ "አንቺስ?" አለችኝ።

አልመለስኩላትም። ሁሉን በአንድ ቀን አይሰጡም።